ሰፈራችንን ዞረን እንየው፣ መንገዱንም አንዝጋው



በዚህ ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የምናወጣው ጽሑፍ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ጽዳት ዘመቻ አይደለም። ብዙዎቻችን እንደ ቁም ነገር ስለማንቆጥረው አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ዘወትር የምንኖርበትን አካባቢ ወጣ ብሎ መቃኘት፣ በለመዱት ሳይሆን በሌላ ቅያስ ማለፍ፣ ያለውንም ነገር አስተውሎ ማየት የሰውን ስሜትና መንፈስ እንዴት እንደሚያድስ ነው።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአስፋልቱ ተነሥቶ በባሕር ዛፎቹ መካከል አልፎ ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ በብረት በር ይዘጋ የሚል ሐሳብ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ጎረቤቶቻችን ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውንም ዝቅ ብለን በቅን ልቦና እንመለከተዋለን። እኛ የሰሌዳው አዘጋጆች ግን በበኩላችን መንገዱ መዘጋት የለበትም እንላለን። ለምን ቢሉ፣ የሚዘጋው መንገድ ብቻ ስላልሆነ ነው።

እንደሚታወቀው አሁን አሁን በሰፈራችን «ደበረኝ» የማይል ሰው የለም። ወጣቱ ደበረኝ ይላል። ጡረተኛው ደበረኝ ይላል። ሕፃን የያዘች እናት ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጓዳ ስትል ትውልና ማታ «ልቤ ጠበበኝ» ትላለች። በተለይ ክረምቱ ሲገባ፣ ጭላሎ ለቀናት በጉም ተሸፍኖ ሲቀር፣ ጭቃው ከደጃፍ አላስኬድ ሲል፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ከሰሉን ከቦ ይቀመጣል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና ብርዱን አናቃልለውም። ነገር ግን ብርዱ ካለፈም በኋላ፣ መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሁሉ ሲያብብ እንኳ፣ ያው በሩ እንደተዘጋ፣ ዓይናችንም ስልክ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ነገር ቃል ነበራቸው። «እስቲ ወጣ ብዬ ልናፈስ»፣ «ነፋስ ልቀበል» ይሉ ነበር። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መናፈስ፣ መናፈሻ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ሰው ከቤት ወጥቶ ነፋስ ሲነካው «ነፍሴ መለስ አለች» ማለቱም እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አነጋገር አይመስለንም። ቋንቋው ራሱ መድኃኒቱን ያውቀዋል። የረሳነው እኛ ነን።

እርግጥ «እኛ መች ቤት ተቀመጥን? ቀኑን ሙሉ ስንሄድ አይደል የምንውለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንሄዳለን። ግን እንዴት ነው የምንሄደው? ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ቅዳሜ ወደ ገበያ። ሁልጊዜ በአንዱ መንገድ፣ ሁልጊዜ በጥድፊያ፣ ልባችን በሽንኩርት ዋጋና በቤት ኪራይ ላይ። ግራና ቀኝ እንዳያይ ዓይኑ የተከለለ የጋሪ ፈረስም ከተማችንን ከማናችንም በላይ ይዞራል፤ ነገር ግን አሰላን አይቷታል አንልም። እንግዲህ እኛ የምንለው መራመድን ብቻ አይደለም። ዓይንን ከፍቶ፣ መንገድን ለውጦ መራመድን ነው።

ይህ የሽማግሌ ምክር ብቻ ሳይሆን በጥናትም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ኒውሮሳይንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። በኒው ዮርክና በማያሚ ከተሞች የሚኖሩ ከ100 በላይ ሰዎች የሚውሉበት ቦታ ለሦስትና ለአራት ወራት በስልካቸው አማካይነት ተመዘገበ። በየጊዜውም «አሁን ምን ይሰማሃል?» የሚል ጥያቄ ይላክላቸው ነበር። ውጤቱ ሲታይ፣ ሰዎቹ ብዙና የተለያዩ ቦታዎችን በረገጡበት ቀን ደስታ፣ ብርታትና መረጋጋት ተሰምቶናል ማለታቸው በዛ ብሎ ተገኘ። ነገሩ በሁለቱም በኩል ሊሠራ እንደሚችል አጥኚዎቹ አልሸሸጉም፤ የተደሰተ ሰውም እኮ ወጣ ወጣ ማለት ይወዳል። ቢሆንም በዚያ የወረርሽኝ ጊዜ ቤት ለዋለው ሰው የሰጡት ምክር ቀላል ነበር፦ አካባቢያችሁን አንድ ዙር ዙሩ፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱም በሌላ መንገድ ሂዱ። ይህ ምክር ለአሰላ ሰው ገንዘብ አያስወጣውም።

በዚያው ዓመት ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 52 አዛውንቶችን አጥንተው ነበር። አዛውንቶቹ ለስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ እንዲራመዱ ተደረገ። ግማሾቹ እንዲያው እንዲራመዱ ተነገራቸው። የቀሩት ግን እንደ ሕፃን በአዲስ ዓይን እያዩ፣ የሚያስደንቃቸውን ነገር እየፈለጉ እንዲራመዱ ተመከሩ። በአዲስ ዓይን የተራመዱት ከሌሎቹ ይልቅ ምስጋና፣ ርኅራኄና ደስታ የሚሰማቸው፣ ጭንቀታቸውም የቀለለ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የሚገርመን ግን ይህ ነው፦ በየጉዟቸው ራሳቸውን ፎቶ እንዲያነሡ ተጠይቀው ነበርና ሳምንታት ባለፉ ቁጥር በፎቶው ላይ የራሳቸው መልክ እያነሰ፣ ከኋላቸው ያለው አካባቢ እየሰፋ መጣ። ፈገግታቸውም ጨመረ። ሰው ራሱን ትንሽ አሳንሶ ዓለሙን ሲያሰፋ ልቡ ይቀለዋል ማለት ነው።

ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም። የተጨነቀ ሰው ሐሳቡን እንደ ከብት ያመነዥካል። ያንኑ የትናንቱን ነገር ያወጣዋል፣ ያኝከዋል፣ ይውጠዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። አራት ግድግዳ መካከል ሲቀመጥ ይህን የሚያቋርጥለት የለም። ደጅ ሲወጣ ግን አዲስ ነገር ዓይኑንና ጆሮውን ይጠራዋል። ሰውነቱ ይፍታታል፤ የቀን ብርሃን ያገኘዋል፤ ማታም እንቅልፉ የተሻለ ይሆናል። በዚያ ላይ በሰፈራችን ሰላምታ ሳይቀበሉ አሥር እርምጃ መሄድ አይቻልም። «እንደምን አደራችሁ» ያላለህ ጎረቤት «አካም ጂርቱ» ይልሃል። ቤት የቀረ ሰው የሚያጣው ይህን ሁሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መጨባበጥ ቀርቶ ሁላችንም ቤት በዋልን ጊዜ ልባችን ምን ያህል እንደተጨነቀ የምናስታውስ እናስታውሳለን። በሽታው አለፈ፤ የመዘጋቱ ልማድ ግን ከአንዳንዶቻችን ጋር ቀረ።

እንዲያው ለነገሩ ግን፣ ምን የሚታይ ነገር አለን? «አሰላ ውስጥ ምን አለ?» የሚሉ ወጣቶች በየጊዜው እንሰማለን። «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» የተባለው ለእነርሱ ሳይሆን አይቀርም። እስቲ እንቁጠር።

በስተምሥራቅ ቀና ብንል ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከእርሱ ጀምሮ እስከ ጋላማና ካካ የሚዘልቁት ተራሮች ዛሬ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ቀይ ቀበሮም አለበት። ሁላችንም ተራራው ላይ እንውጣ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጭላሎ ማለዳ ጉም ሲገልጥ፣ ቀትር ላይ ሲጠራ፣ ማታ ጀምበር ስትጠልቅበት ሲቀላ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ከግቢያችን አጥር በላይ ቀና ብሎ ለማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

በስተምዕራብ ደግሞ ከተማችን የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የተመለከተ ሰው ቆላው ውስጥ የዝዋይን ሐይቅ ሲያብረቀርቅ ያያል። ከጭላሎ ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ በከታር ወንዝ በኩል ወደዚያው ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ በሰፈራችን ቦይ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ ያየ ልጅ «ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው ዓይኑ ፊት ነው። ቦዩ ውስጥ ፌስታል የሚጥል ሰውም ፌስታሉ ወዴት እንደሚጓዝ ይረዳል።

ሜዳውም እንደ ወሩ መልኩን ይለውጣል። በመስከረም አደይ አበባ ዳርና ዳሩን ቢጫ ያለብሰዋል። በጥቅምትና በኅዳር ስንዴውና ገብሱ ከአረንጓዴ ወደ ወርቅ ይዞራል። ከዚያ የኮምባይነሩ ድምፅ ይመጣል፤ ገለባው ይከመራል፤ ገብሱ ወደ ብቅል ፋብሪካ በመኪና ይጫናል። በጥር አቧራው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉ ዝናብና የአዲስ አፈር ሽታ። በዚህ ሁሉ መካከል ሁልጊዜ በአንድ መንገድ የሚመላለስ ሰው ወሩን የሚያውቀው ከቀን መቁጠሪያ ነው።

ወፎቹንስ ልብ ብለን እናውቃለን? ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ጥቁር ቁራ በቆሻሻ ክምር ላይ ስናየው «እሽ!» ብለን የምናባርረው ነው። ነገር ግን ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። ማለዳና ማታ በመንጋ እየጮኸ በቤታችን ላይ የሚያልፈው ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፍም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው አገሩ። ይህን ለማየት የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ መነጽር ይዘው ይመጣሉ። እኛ በነጻ አግኝተን ቀና አንልም። ዛፉም እንዲሁ ነው። ኮሶው፣ ጽዱና ዝግባው የአገር ልጆች ሲሆኑ፣ ሁላችንም የእኛ የሚመስለን ባሕር ዛፍ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በምኒልክ ዘመን አገራችን የገባ እንግዳ ነው።

ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ስንል ቁሉምሳ አለ። ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ካዱ በተባለው፣ በስዊድን እርዳታ በተቋቋመው የልማት ድርጅት ዘመን የስንዴ ምርምር የተስፋፋበት፣ ዛሬም በአገሪቱ ሁሉ የሚዘሩ የስንዴ ዝርያዎች የሚወጡበት ማዕከል ነው። በታክሲ ስናልፈው ግን ስልካችንን እያየን ነው። የኦሎምፒክ ባለወርቁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ በአሰላ ነው። ልጅ ሳለ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገውም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ወርቅ ያጠለቁት ከበቆጂ ወጥተው ነው። የውጭ አገር ሰዎች የበቆጂን ሯጮች ተከታትለው ፊልም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ለዓለም አሳይተዋል። ባዕድ አገር አቋርጦ የሚመጣለትን ጎዳና እኛ ፊታችንን አዙረን ማለፋችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚያሰኝ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንመለስ።

አንዳንዶች «ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ እኛ የዕለት እንጀራ ነው የሚያሳስበን» ይሉናል። አባባሉን አንንቀውም። በእርግጥም ዞር ዞር ማለት የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ሥራ ለሌለው ወጣትም ሥራ አይሆንም። ነገር ግን ችግር ያለበት ሰው ነው ይበልጥ ብርቱ መንፈስ የሚያስፈልገው። መዝናኛ ቤት ገብቶ የሚከፍለው የሌለው፣ ወደ ላንጋኖ ወርዶ የሚዝናናበት አቅም የሌለው ሰው ያለው መናፈሻ ይኸው ሰፈሩ ነው። ሀብታምማ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የእግር መንገድ ሲዘጋ ይበልጥ የሚጎዳው ድሃው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሴቶቻችን ውኃ እየቀዱ፣ ወፍጮ ቤት እየሄዱ እግራቸው ሲነቃ ይውላል፤ ደግሞ ሂዱ ትሏቸዋላችሁ?» ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን ጀርባዋ ላይ ሃያ ሊትር ውኃ ያዘለች ሴት ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ይህ ጭነት ነው እንጂ መናፈስ አይደለም። እኛ የምንለው ለእርሷም እጇ ባዶ የሆነበት ሩብ ሰዓት ይገባታል ነው። ያንን ሩብ ሰዓት ሊሰጣት የሚችለው ደግሞ ሕፃኑን የሚይዝላት ባል፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። ወንዶች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል።

ሦስተኛው እንቅፋት የራሳችን አፍ ነው። በሰፈራችን ያለ ጉዳይ የሚራመድ ሰው ሲታይ «ወዴት ነው? ምን ጠፋብህ?» ይባላል። ወጣት ከሆነ «ሥራ ፈት»፣ ሴት ከሆነች «ማንን ፍለጋ ነው?»፣ አዛውንት ከሆኑ «ጋሼ ዛሬስ ልባቸው ተነክቷል» ይባላል። እንዲህ ተብሎ ቤቱ የተመለሰ ስንት ሰው አለ! ሰላምታ እንስጥ እንጂ ምርመራ አናድርግ። «በደህና ነው?» ማለት ይበቃል።

አራተኛውና ዋናው የሌባ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት በዚያ የእግር መንገድ ገብተው የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ የወሰዱ፣ የውኃ ቆጣሪም የነቀሉ ሌቦች ነበሩ። ንብረታቸው የተወሰደባቸው ጎረቤቶቻችን «መንገዱ ይዘጋ» ቢሉ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ረጋ ብለን እናስብ። ያ መንገድ ሌባ የገባበት ሰው ስለሚበዛበት ነው ወይስ ሰው ስለሌለበት? አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ከተሞች ባወጣችው ታዋቂ መጽሐፍ፣ የመንገድ ጸጥታ በቅድሚያ የሚጠበቀው በፖሊስ ሳይሆን በነዋሪው ዓይን እንደሆነ አስረድታለች። እኛም እናውቀዋለን። ማለዳ ልጆች የሚያልፉበት፣ ቀትር ላይ እማማዎች ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት፣ ማታ ጎረምሶች የሚመላለሱበት ቅያስ ሌባ አይደፍረውም። ሰው የለቀቀውን ሌባ ይወርሰዋል።

በዚህ መንገድ የሚጠቀሙት እነማን እንደሆኑም እንወቅ። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን አሉ። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ዓመት ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ ሆነው፣ ሰው ማነጋገር ትተው እንደነበር የማያውቅ የለም። ኋላ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ማድረስ የእርሳቸው ድርሻ ሆነ። ልጁ በአንድ መንገድ መሄድ ሰለቸውና ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ እያለ አያቱን ይጎትታቸው ጀመር። አረንጓዴ በሮችን ይቆጥራል፤ ውሾችን በየስማቸው ይጠራል፤ ወንዙ ዛሬ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ ይወራረዳል። አሁን አባባን ያነጋገረ ሰው ውኃው ስንት እርከን እንደወጣ ሳይነግሩት አይለቁትም። እኚህ ሰው መድኃኒት ቤት አልሄዱም። የሄዱት በዚያ መንገድ ነው። ከተዘጋ ግን የቀረላቸው የጭነት መኪና የሚያስፈራራበት የአስፋልቱ ዳር ብቻ ነው፤ በዚያ ደግሞ ሕፃን ይዘው እየቃኙ መሄድ አይቻልም።

መውጣት የማይችሉትንም አንርሳ። በየቤቱ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕመምተኞችና አዛውንቶች አሉን። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ለእነርሱ ይጠቅማል። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ ብቻ የሚታያቸው ነበሩ። ዛፍ የሚያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ይህን ካወቅን የእማማን አልጋ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ ማዞር ምን ይከብዳል? ፀሐይ ስትወጣ ወንበር አውጥቶ ደጅ ማስቀመጥስ?

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በግልጽ ልንናገር ይገባል። መናፈስ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው አላልንም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት የተወ፣ መኖር የሰለቸው፣ «ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ሰው ካለ «ወጣ በልና ይለቅሃል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ይህ እንደ ወባና እንደ ሳምባ ምች ሁሉ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለውን ሰው ለብቻው አትተዉት። አብራችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ማፈር አያስፈልግም፤ ማማትም ነውር ነው።

እንግዲህ ከላይ ከተነገረው በመነሣት ለጠቅላላው ስብሰባ የምናቀርባቸው ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ የእግር መንገዱ ጨርሶ አይዘጋ። በር መሠራቱ ግድ ከሆነ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ሆኖ የሚቆለፈው ሌሊት ብቻ ይሁን። ቁልፉም በዘበኛው እጅ ይሁን፤ ሌሊት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ቢኖር ይከፈትለት።

2ኛ/ ለሙሉ የብረት በር ከታሰበው መዋጮ ተቀንሶ በመንገዱ አጋማሽ መብራት ይተከል። ሌባ የሚፈራው ከብረት ይልቅ ብርሃንን ነው።

3ኛ/ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ቦዩ ተጠርጎ፣ ጭቃው ላይ ጠጠር ይደፋበት። ይህ የአንድ እሑድ ሥራ ነው። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ።

4ኛ/ ሐይቁ ከሚታይበት ከፍታ ላይ ከባሕር ዛፍ ግንድ አንድ አግዳሚ ወንበር ይሠራ። የእርጅና ጉልበት የሚያርፍበት ይፈልጋል።

5ኛ/ ውሻ ያለው ሰው ቀን ቀን ውሻውን ይሰር። ብዙ ሰው ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው የውሻ ፍርሃት ነው።

ከስብሰባው በፊት ደግሞ ሁላችንም በየግላችን አንድ ነገር እንድናደርግ አደራ እንላለን። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ ስልካችንን ቤት ትተን በማናውቀው ቅያስ እንሂድ። ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ይሂድ፤ ሰፈሩን ከእኛ ይበልጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ይምሩን። ከዚያ በኋላ በዚያ የእግር መንገድ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ እንለፍበት። ይዘጋ የሚሉትም፣ አይዘጋ የምንለውም እንለፍበት። ያልረገጡትን መንገድ ለመዝጋት እጅ ማውጣት ያስተዛዝባል።

ሐሳባችንን የማትቀበሉ ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልስ ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ ቦታ አለ። የሰፈሩ ጉዳይ የሁላችን ነውና ስብሰባው ላይ እንገናኝ። ለምትመጡትም አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ስትመጡ በአስፋልቱ ሳይሆን በውስጥ መንገድ ኑ።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች